ዘጠና ሚሊ ሊትር

ስድሳ ብቻ ነው። ተቆጣጣሪዬ ኩባያውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ ታየውና ራሷን ትነቀንቃለች። ዘጠና ሚሊ ሊትር ካልሞላ አይቀበሉም። ያለውን አሽጋ፣ ቁጥር ጽፋበት፣ ወንበሩን በጣቷ ታሳየኛለች። ተመልሼ እቀመጣለሁ።

የዓለም ሻምፒዮን ከሆንኩ ሁለት ሰዓት አልፎኛል። ማራቶኑ የተጀመረው በማለዳ ነበር። ከመጨረሻው መስመር በቀጥታ ያመጡኝ ወደዚህ መስኮት አልባ ክፍል ነው፤ ለአበረታች መድኃኒት ምርመራ ሽንት ሳልሰጥ ንቅንቅ ማለት አልችልም። ባንዲራው ትከሻዬ ላይ እንዳለ ነው። በላብ ርሶ ከብዷል።

አጠገቤ የተቀመጠችው የቡድናችን አምበል ናት። ብሩን ያገኘችው እሷ ናት። ወርቅና ብር ከአንድ ቡድን፤ ጓደኞቻችን ውጭ ሲዘፍኑ ግድግዳውን አልፎ ይሰማል። እሷ ጫማዋን አውልቃ የጠቆረ የእግር ጥፍሯን ታያለች።

"ስንት ሞላልሽ?" ትለኛለች ድንገት።

"ስድሳ።"

"አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ላብ ያፈሰሰ ሰው ከየት አምጥቶ ይሸናል? ቢጨምቁንም ጨው ነው የሚወጣን።"

እስቃለሁ። ብቻዬን።

ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ድምፁ ጠፍቶ መጨረሻውን ደጋግሞ ያሳያል። እኔ ቀድሜ ወደ አደባባዩ እታጠፋለሁ፤ እሷ ከኋላዬ ናት። አስር እርምጃ። ስምንት። አምስት። ከዚያ እኔ እፈተለካለሁ። በሁለት ሰከንድ ቀደምኳት። ዓይኔን ላሸሽ ብልም ክፍሉ ውስጥ ሌላ የሚታይ ነገር የለም።

ትናንት ከሰዓት አሰልጣኛችን ሰብስቦን የተናገረው አጭር ነበር። "ወርቁ የአምበሏ ነው" አለ። ወደ እኔ ዞሮ፣ "አንቺ የወጣችውን ሁሉ ተከትለሽ አድክሚልን። መጨረሻ ላይ መንገዱን ትለቂላታለሽ።" እሺ አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። በአራት ሻምፒዮና ሁለት ብርና አንድ ነሐስ ያመጣች ሴት ናት፤ ከዛሬ በኋላ አትወዳደርም። አምና ቅልጥሜ ተሰንጥቆ ከቡድኑ ልቀነስ ስል፣ "እሷ ከቀረች እኔም እቀራለሁ" ብላ ቢሮ ለቢሮ የዞረችልኝም እሷው ናት።

አርባኛው ኪሎ ሜትር ላይ አንዲት ረጅም የሌላ አገር ሯጭ አፈትልካ ወጣች። እንደታዘዝኩት ተከተልኳት፤ ጥያትም ሄድኩ። እስከዚያ ድረስ ሥራዬን ሠርቻለሁ።

"ሚጢጢ" ትለኛለች አምበሏ። ቡድኑ ያወጣልኝ ስም ነው።

"አቤት።"

"ከኋላሽ የምትመጣው ያቺ ረጅሟ መስላሽ ነው፣ አይደል?"

ቀላል ነው። አዎ ማለት ብቻ ነው። ከመስመሩ እስከዚህ ክፍል ድረስ ሳዘጋጀው የመጣሁት ይህንኑ ነው። ደግሞስ እየመሩ ወደ ኋላ አይታይም፤ ይህን ያስተማሩኝ እነሱው ናቸው።

"አዎ" እላለሁ።

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" ትላለች። አልተቆጣችም። "ልምምድ ላይ አራት ዓመት ከፊቴ ሮጠሻል። ዳገት ላይ እንደ ወናፍ ትተነፍሻለሽ እያልሽ የምትስቂብኝ አንቺ ነሽ። የኔን ትንፋሽ አጣሽው?"

መነሣት ያምረኛል። ተነሥቼስ የት እሄዳለሁ? ተቆጣጣሪዬ በሩ ሥር ቆማለች። ቋንቋችንን አትሰማም፤ ዓይኗን ግን ከላዬ አትነቅልም። ሽንት ቤት ብገባ ተከትላኝ ትገባለች። ውሃውን እጎነጫለሁ።

"አወቅኩት" እላለሁ። "ከመታጠፊያው ጀምሮ አወቅኩት። እግሬ እኮ..." እተወዋለሁ። በእግሬ ማሳበቡ ነውር ይሆንብኛል። "አማረኝ። ሌላ ምንም አይደለም። አማረኝ።"

ትነሣና ከራሷ ተቆጣጣሪ ጋር ወደ ሽንት ቤቱ ትገባለች። ስትወጣ ኩባያዋ ሞልቷል። ጠርሙሶቹን በእጇ አሽጋ፣ ወረቀቱ ላይ ፈርማ፣ ጫማዋን ታጠልቃለች። በሩን ይከፍቱላታል።

አትወጣም። ወደ እኔ ተመልሳ ጎንበስ ትላለች።

"ሲጠይቁሽ፣ ሂጂ ብላኝ ነው በይ" ትለኛለች በጆሮዬ። "እኔም ጉልበት ሲከዳኝ ሂጂ አልኳት እላለሁ።"

"እንደዚያ አላልሽኝም።"

"አላልኩሽም። እሱን እኔና አንቺ እናውቀዋለን።"

"እውነቱን ብናገርስ?"

"ከነገ ጀምሮ ቡድኑ የሚቀረው አንቺን ይዞ ነው። ይህን ሰምቶ ማን መንገድ ይከፍትልሻል?" ቀና ትላለች፤ ፊቷ ላይ ላቡ ደርቆ ጨው ሠርቷል። "ለአንቺ ብቻ ብዬ እንዳይመስልሽ። ተቀደመች ከምባል፣ ሰጠች ብባል ይሻለኛል።"

በቀስታ እያነከሰች ትወጣለች፤ በሩ ከኋላዋ ይዘጋል።

ተቆጣጣሪዬ ሌላ ጠርሙስ ውሃ ከፍታ ታቀብለኛለች። በምልክት፣ ጠጪ ትለኛለች።

ከበሩ ማዶ ጭብጨባው ይቀልጣል። የአሰልጣኙ ድምፅ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ቃሉ አይለይልኝም። እሷ ትመልስለታለች፣ አጠር አድርጋ። ከዚያ ስትስቅ ይሰማኛል፤ ረጅም፣ ከፍ ያለ ሳቅ። አራት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ አድረናል። እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።