የሰው ብርጭቆ የማይነኩት እናት

«ይቺ መምህርት ዛሬውኑ ትባረር... አለዚያ ይህን ትምህርት ቤት አላውቀውም።»

የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው የሚናገረው። ትልቅ የሕንጻ መሣሪያ መደብር ያለው... ሲናገር ጠረጴዛ የሚደበድብ ሰው።

ርዕሰ መምህሩ አንገቱን ደፋ። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ከማን መደብር እንደመጣ ያውቃላ...

የታሪክ መምህርቷ ግን ቀና ብላ ቆማለች። ወንበር የሰጣት የለም።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምን አጠፋሁ ትላለች ደግሞ... ልጄን በገዛ ቤቴ አስነሣሽብኝ እኮ።»

«ጠይቂ ብያታለሁ። ጥያቄው የመጣው ግን ከእርስዎ ማድ ቤት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው...

መምህርቷ ለአምስተኛ ክፍል ልጆች ስለ እኩልነት ስታስተምር የገዛ ከተማቸውን ታሪክ ነገረቻቸው።

ድሮ የቆዳ ፋቂ ልጆች ሻይ ቤት ገብተው መቀመጥ አይችሉም ነበር። የራሳቸውን ኩባያ ይዘው ጓሮ በር ላይ ይቆማሉ... አሳላፊው ኩባያቸውን ሳይነካ ከላይ ያንቆረቁርላቸዋል።

በኋላ ወጣቶች ተሰባስበው ገቡና «በብርጭቆ ካልቀዳችሁልን አንነሣም» ብለው ተቀመጡ። ተደበደቡ... ታሰሩ... በመጨረሻ ሕጉ ተቀየረ።

የሊቀመንበሩ ልጅ ይህን ሰምታ ቤቷ ገባች።

«አባዬ... የሠራተኛችን ኩባያ ለምን ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ይቀመጣል?»

«ለንጽሕና ነው። አያትሽስ የራሷ ኩባያ የላትም?»

«የአያቴማ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። የሷ ለምን መሬት ላይ ሆነ?»

መልስ ያጣ አባት ጥፋተኛ አያጣም... በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ከተፍ አለ።

ብቻውንም አልመጣም። ምስክር ይዟል... እናቱን።

«እናቴ እዚሁ ከተማ ተወልዳ እዚሁ ያረጀች ናት። እንዲህ ያለ ጉድ ቢኖር ኖሮ ታውቅ ነበር። እማዬ፣ ውሸት ነው በያቸው።»

እናት ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ።

ርዕሰ መምህሩ ነገሩን ለማብረድ ውኃ በብርጭቆ ቀዳ። «እማማ፣ እስቲ ጉሮሮዎን ያርጥቡ።»

እናት ከቦርሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ የብረት ኩባያ አወጡ። ከጆጉም ራሳቸው ቀዱ። ብርጭቆው እንደተሞላ ቀረ።

ሊቀመንበሩ ደረቱን ነፋ። «አያችሁ? እናቴ የሰው ብርጭቆ አትነካም። ሠርግ ብትሄድ፣ ለቅሶ ብትሄድ ኩባያዋን ይዛ ነው። እኛ ንጽሕናን ከዘር ነው የወረስነው።»

መምህርቷ ኩባያውን አየች... ከዚያ እናትን አየች። ልትናገር ስትል እናት እጃቸውን አነሡ።

«ተዪው ልጄ... እኔው ልንገረው።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ንጽሕና መስሎሃል?»

«እና ምንድነው?»

«አባቴ ቆዳ ፋቂ ነበር። ጓሮ በር ቆሜ ሻይ የተንቆረቆረልኝ በዚህ ኩባያ ነው። አንድ ቀን ጠርዙ ማንቆርቆሪያውን ነካ... አሳላፊው "አረከስሽው" ብሎ የፈላውን ሻይ እላዬ ላይ ደፋው።»

እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ክንዳቸው ላይ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ አለ።

«ልጅ ሆነህ ስትጠይቀኝ ምድጃ ነው ያልኩህ።»

ሊቀመንበሩ ወደ ጠባሳው ጎንበስ አለ።

«ሕጉ ሲቀየር ሌላው ኩባያውን ጣለ። እኔ ፈራሁ። የሰው ብርጭቆ ባነሣ አንዱ "አስቀምጪ" የሚለኝ ይመስለኛል... እስከ ዛሬ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሚስት እንዳይከለክሉህ ብዬ ነዋ። አንተ ግን ባለ ሱቅ ስትሆን ለሰው ልጅ ኩባያ ለየህ። ያቺ ሠራተኛ ኩባያዋን ልታነሣ ባጎነበሰች ቁጥር ክንዴን ያቃጥለኛል።»

«እማዬ፣ በቃ ቤት እንነጋገር። ሰው ፊት...»

«ሰው ፊት ምን? መምህርቷን ልታስባርር ስትመጣ ሰው መኖሩን መች አሰብክ?»

ኩባያውን ከነውኃው ዘረጉለት።

«እንካ፣ ጠጣ።»

ሊቀመንበሩ ኩባያውን አየ... ርዕሰ መምህሩን አየ... መምህርቷን አየ...

እጁ አልተዘረጋም።

የገዛ እናቱ ኩባያ ነው እኮ። አሁን በኩራት ሲያወራለት የነበረው ኩባያ።

«አየህ?» አሉ እናት ቀስ ብለው። «አሳላፊውም ልክ እንዲህ ነበር የሚያየው።»

ኩባያውን ፊቱ አስቀመጡት። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ የቀዳላቸውን ብርጭቆ አነሡ። በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ መጨረሻው ጠጡት። ማንም «አስቀምጪ» አላላቸውም።

ርዕሰ መምህሩም ከተቀመጠበት ተነሣና ለመምህርቷ ወንበር ሳበላት።

«ነገ ምዕራፉን ቀጥዪ» አላት።

እናት ልጃቸውን ሳይጠብቁ ወጡ። ሊቀመንበሩ ከኩባያው ጋር ተፋጦ ቀረ።

ወዳጆቼ...

ልጆች ስለ እኩልነት ሲማሩ የሚንጨረጨር ሰው ካያችሁ ታሪኩ ስላለፈ አይደለም። ገና ቤቱ ውስጥ ስላለ ነው። «ድሮ ቀረ» የሚለኝን ሰው እኔ አላምነውም... መጀመሪያ ማድ ቤቱን ያሳየኝ።

እስቲ እናንተስ... ቤታችሁ ለብቻው የተቀመጠ ኩባያ አለ? የማን ነው?

«የለም» ብላችሁ ኮሜንት ከመጻፋችሁ በፊት ግን... ከማጠቢያው ሥር አይታችሁ ተመለሱ።