ጆንያዎቹ

«አዋቂ ነው ተብሎ የተገዛን ኤአይ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ታስረጂዋለሽ?» አለ የአውቶቡስ ድርጅቱ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣ ስክሪኑን በእስክሪብቶ መታ መታ እያደረገ።

የክፍሉ ሠራተኛ ትርሲት ለኤአዩ የጻፈችው ማብራሪያ ረዘም ይላል። ኤአዩ ከሚጠቀምባቸው መሣሪያዎች «መልእክት አንድ» የሚባለው ለአንድ ሠራተኛ ብቻ ይልካል፤ «መልእክት ሁለት» ግን ትኬት ለቆረጠ ተሳፋሪ ሁሉ ይልካል።

«እንዳይምታታበት ብዬ ነው፣ ኢንጂነር።»

«ድሮም ወሬ ታበዣለሽ።» ማብራሪያውን ሁሉ አጠፋና ለሁለቱም መሣሪያዎች «መልእክት ይልካል» ብሎ ጻፈ። አንብቦት በራሱ ረካ።

ከምሳ በኋላ ፊቷን ማየት እንኳ አስጠላውና ኤአዩን አዘዘ። «ለትርሲት እንዲህ ብለህ ላክላት፦ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ። ላንቺ ማብራሪያ ጊዜ የለንም። የኛ ሥራ ጭኖ ማራገፍ ነው፤ ተሳፋሪ ማለት ጆንያ ነው።»

«ተልኳል» የሚል መልስ መጣለት።

እግሩን ጠረጴዛው ላይ ሰቀለ። በመስኮቱ ሥር የደሴን አውቶቡስ የሚጠብቁት ሰዎች ስልክ ተራ በተራ ጮኸ። ከዚያ ደረጃው ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ተሰማ።

በሩን የከፈቱት ሻንጣ ያንጠለጠሉ አዛውንት ነበሩ።

«ጆንያዎቹ መጥተናል» አሉት። «የምትጭነን አንተ ነህ?»