የተለቀቀ አልጋ

እማማ ስልኳን ፍራሹ ላይ ወርውራ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። "ተባረርኩ" አለች በጣቶቿ መሃል። "ውጤቱ ወጣ። በቃ፣ አባረሩኝ።"

ሦስቱ የማደሪያ ክፍል ጓደኞቿ እኩል ደነገጡ፤ እኩልም ወደ አልጋዋ አዩ።

የማይታይ አልጋ አይደለም። መስኮቱ ሥር ያለው የታችኛው አልጋ ነው፤ በክፍሉ የሚሠራው ብቸኛ ሶኬት ራስጌው ላይ አለ፤ ከሁሉም በላይ ደረቅ ነው። ፎቅ የሚሏት ልጅ ግን ከላይኛው መታጠቢያ ቤት በሚመጣው ቧንቧ ሥር ነው የምትተኛው። ቅጽል ስሟም የመጣው ከዚያው ከላይኛው አልጋዋ ነው። ቧንቧው ያንጠባጥባል። ሁለት ዓመት ሙሉ ጃንጥላ ዘርግታ ተኝታለች፤ ጃንጥላው ለራሷ ይደርሳል፣ ለእግሯ አይደርስም። ሳሏ ክረምት ከበጋ አይለቃትም። የክሊኒኩ ሐኪም "ደረቅ ቦታ ተኚ" ብሏታል፤ ደረቅ ቦታ ከፋርማሲ የሚገዛ መስሎት።

የሴቶች ማደሪያው ሕግ አጭር ነው። የተለቀቀ አልጋ ላይ ከቤቷ ያመጣችውን ብርድ ልብስ ቀድማ ያነጠፈች ትወርሰዋለች። ቁልፍ ተረካቢዋ ፕሮክተር መጥታ የማን እንደሆነ እስክትጠይቅ ድረስ ግን ብርድ ልብሱ ከአልጋው መነሣት የለበትም፤ ከተነሣ መብቱም አብሮ ይነሣል። ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም። የሚጥሰውም የለም።

"አይዞሽ እማማዬ" አለች የሕግ ተማሪዋ፣ ጠበቃ የሚሏት። "ይግባኝ አለ እኮ።" አፏ ይግባኝ ይላል፣ እጇ ከጀርባዋ ብርድ ልብሷን እየጎተተ ነው።

በሩ አጠገብ የምትተኛዋ የፋርማሲ ተማሪ ደግሞ የእማማን ክንድ ያዘች። "ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ። ነይ እኔ ልውሰድሽ። ተነሺ እንጂ!"

"ተይኝ" አለች እማማ። "መቆም አልችልም።"

ፎቅ ብርድ ልብሷን አቅፋ ከላይ ወረደች፣ እማማ አጠገብ ተቀመጠች፣ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት። "በርዶሻል" አለቻት። የቀረውን ፍራሹ ላይ ዘረጋጋችው፤ ጫፉን ከፍራሹ ሥር ጠቅጠቅ አደረገች።

ጠበቃ ብርድ ልብሷን መጎተቷን ተወች።

"ሬሳ ሳይወጣ ውርስ!" አለች ጠበቃ።

እማማ ቀና አለች። "የምን ሬሳ?"

"የውርስ ሕግ እያጠናች ነው" አለች የፋርማሲዋ። "ፈተና አለባት።"

እማማ ብርድ ልብሱን አገጯ ድረስ ሳበችና ራሷን ፎቅ ትከሻ ላይ ጣለች። እማማ የተባለችው በዕድሜ በልጣ አይደለም፤ ማታ ማታ ለሁሉም ሻይ ስለምታፈላ፣ የፎቅን እርጥብ ካልሲ ሳትጠየቅ መስኮቱ ላይ ስለምታሰጣ ነው። "ሰው ሁሉ ክፉ ናት ይልሽ ነበር" አለች። "እኔም ብያለሁ። ይቅር በዪኝ። እነሱ ተነሺ ተነሺ ይሉኛል፣ አንቺ ግን . . ."

ፎቅን ደረቷ ላይ የሆነ ነገር ቆነጠጣት። ሳል ይሁን ሌላ አልለየችውም። ሳል ነው ብላ ወሰነች።

ፕሮክተሯ ሳታንኳኳ ገባች። "የተባረራችሁ አሁን ትወጣላችሁ። ወደ መናኸሪያ የሚወስዳችሁ አውቶቡስ በር ላይ ቆሟል። ቁልፍሽን አምጪ፣ የዩኒቨርሲቲውንም ብርድ ልብስ።" እሱን ራሷ ከአልጋው ግርጌ መዛ አጠፈችውና በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች።

ሻንጣ እንደዚያ ቀን በፍጥነት ታሽጎ አያውቅም። ጠበቃ መጻሕፍቱን፣ የፋርማሲዋ ጫማዎቹን ጠቀጠቁ፤ ዚፑን ተጋግዘው ዘጉ።

እማማ ተነሣች። ብርድ ልብሱ አሁንም ትከሻዋ ላይ ነው። ከፍራሹ ሥር የተጠቀጠቀው ጫፍ ተወጠረ።

"ይኼን ልውሰደው?" አለች። "መንገዱ ሩቅ ነው፣ ይበርደኛል። ደግሞ . . . እናቴ ምን ይዘሽ መጣሽ ማለቷ አይቀርም። ጓደኛዬ የሰጠችኝ ነው እላታለሁ። የማሳያት ሌላ ነገር የለኝም።"

ፎቅ ጠበቃን አየቻት። ጠበቃ የራሷን ብርድ ልብስ ክንዷ ላይ አጥፋ አንድ እርምጃ ቀርባለች።

"ስጫት እንጂ ፎቅዬ!" አለች የፋርማሲዋ፣ ማር በሚያንጠባጥብ ድምፅ። የራሷን ከኋላዋ ደብቃ ይዛለች። "ሰው አይደለሽም እንዴ?"

"አልሰጥም" አለች ፎቅ።

እማማ ቀልድ መስሏት በእንባዋ መሃል ሳቀች። ፎቅ አልሳቀችም። ብርድ ልብሱን የጨበጡትን የእማማን ጣቶች ከትንሿ ጀምራ አንድ በአንድ ፈለቀቀቻቸው። እማማ አልታገለችም። ያኔ ነው ጠበቃን ያየችው፣ ከዚያ የፋርማሲዋን፣ ከዚያ ፍራሹን። ሻንጣዋን ብቻዋን አነሣች።

ፕሮክተሯ በአገጯ ወደ አልጋው አመለከተች። "የማነው?"

"የእኔ" አለች ፎቅ።

የሻንጣው ጎማ ደረጃውን አንድ በአንድ እየደበደበ ሲወርድ፣ ፎቅ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቷ ስባ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ከእማማ ገላ የወሰደው ሙቀት ገና አልለቀቀውም ነበር። እግሯን እስከ መጨረሻው ዘረጋች፤ ሞቃት።