ማሽኑ አያውቀኝም

ስሜን ይጠይቀኛል። ሰማያዊው ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም እያለች መልሴን ትጠብቃለች።

አሮጌው የኮምፒውተር ሲስተም እንዲህ ያለ አመል አልነበረውም። ማብሪያውን ስጫነው ትንሽ ያጉረመርምና ይከፈታል፤ ማን ነሽ፣ ከየት መጣሽ የለም። ይሄኛው ከትናንት በስቲያ ከአዲስ አበባ ከመጣ ጀምሮ ሥራው መጠየቅ ሆኗል። አንድ ነገር ላጥፋ ስለው በእንግሊዝኛ «እርግጠኛ ነሽ?» ይለኛል። የምስጢር ቃል ሲጻፍለት ፊደሎቹን በኮከብ ይሸፍናቸዋል። ፈጣን ነው፣ አልክድም። ሰውም ቢሆን ገና ከመምጣቱ ቶሎ ቶሎ የሚጠይቀኝን አላምነውም።

የተከለው መርዳሳ የሚባል ጨዋታ ወዳድ ቴክኒሻን ነው። «ከእንግዲህ ሁሉም በየስሙ ይገባል፤ ማን ምን እንደሠራ ይታወቃል» ሲል እንደ ምሥራች ነበር የነገረን። እስከ ትናንት በእሱ ስም ነበር የምንገባው፤ በየስማችን መግባት የተጀመረው ዛሬ ነው። ደስ ያለው ጓድ ጃራ ብቻ ነው። ጓድ ጃራ የእርሻ ድርጅታችን ካድሬ ነው፤ ከግንቦቱ የጄኔራሎች ግርግር ወዲህ የግቢውን ዛፍ ሳይቀር ይጠረጥራል።

አሁን ከኋላዬ ቆሟል። የናዝሬት አቧራ ማሽኑን እንዳይጎዳው ጫማ በር ላይ ስለሚወልቅ በካልሲ ነው። የግራ እግሩ አውራ ጣት በቀዳዳው ብቅ ብሏል። ሌላ ቀን ቢሆን ሳቄ ያመልጠኝ ነበር።

«ግቢ እንጂ!» ይለኛል።

ማሽኑ አማርኛ ስለማያነብ ስሜን በፈረንጅ ፊደል እጽፍለታለሁ፤ ቲ፣ ኤስ፣ ኢ እያልኩ እስከ መጨረሻው። ፀሐይቱ። ስክሪኑ ጠፋ ይልና ይመለሳል።

«ማል ጄዳ? ምን ይላል?»

«አላውቅሽም ይለኛል።»

«እንዴት አያውቅሽም? ስምሽን አልሰጠሽውም?»

«ሰጥቼዋለሁ፣ ጓድ።»

«ትክክለኛውን?»

ትክክለኛው ስሜ ፀሐይቱ አይደለም። ይርጋለም ነኝ፣ የደሴ ልጅ። በሰባ ዓመተ ምሕረት ጓደኞቼ አንድ በአንድ ሲለቀሙ፣ ወንጂ የአገዳ ቆራጮች ካምፕ ወደምትኖረው አክስቴ ወደ አሳየች ሸሸሁ። እሷም ወባ የነጠቀቻትን የልጇን መታወቂያ ሰጠችኝ፤ ስሟም አብሮ መጣ። አሳየች ካረፈች ወዲህ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። ሰው የለም፤ ማሽንስ? «ማሽን አይሳሳትም» ብሎናል መርዳሳ።

እንደገና እጽፋለሁ። አሁንም አያውቀኝም።

«መርዳሳ የት ሄደ?»

«ቁርስ ሊበላ።»

«ማሽኑ የማያውቀው ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል?» ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ይሄ አሻጥር ነው።»

ይቺ ቃል የተለጠፈችበት ሰው ማታ ቤቱ አይገባም። ኤርኮንዲሽነሩ እየነፈሰ ጀርባዬ በላብ ይርሳል። አንድ የእብድ ሐሳብ ይመጣብኛል፤ ምናልባት እውነተኛዋን፣ ይርጋለምን፣ እየጠበቀ ይሆናል፣ እሷን ብሰጠው ተከፍቶ እገላገል ይሆናል። ጣቴ ሳላዘው ሄዶ አንዲት ፊደል ይጫናል።

«ዋይ?» የጓድ ጃራ ትንፋሽ ጆሮዬ ሥር ነው። «ፀሐይቱ በዋይ ነው እንዴ የሚጀምረው?»

«ጣቴ ሳተ» እላለሁ፤ ቶሎ አጠፋታለሁ።

ስክሪኑን ትቶ እኔን ማየት ይጀምራል። በሩ ይከፈትና መርዳሳ ጫማውን እያወለቀ ይገባል፤ በዘይት የራሰ ጋዜጣ ውስጥ ፓስቲ ይዟል። የሆነውን ስነግረው ይስቃል።

«በቲ ጀመርሽው? እኔ እኮ በኤስ ነው የመዘገብኩሽ! የኛን ስም በእንግሊዝኛ ሁሉም እንዳፈተተው አይደል የሚጽፈው?»

በኤስ እጀምረዋለሁ። ስክሪኑ ይከፈትና እንኳን ደህና መጣሽ ይለኛል፣ በሞተችው የአክስቴ ልጅ ስም።

ጓድ ጃራ ግን አልሳቀም። «ተነሺ እስቲ፣ የኔን ልሞክረው» ይላል።

ከሲስተሙ ወጥቼ ወንበሩን እለቅለታለሁ። መርዳሳ ወደ መስኮቱ ዞሮ ፓስቲውን ይገምጣል። ጓድ ጃራ በአንድ ጣት፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም፣ ስሙን ይጽፋል። ጄ፣ ኤ፣ አር፣ ኤ።

ማሽኑ አያውቀውም።

ስክሪኑን ያያል፤ በሩን ያያል፤ ተመልሶ ስክሪኑን። ይሄን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት በመስታወት ሳየው ኖሬያለሁ። ከካልሲው የወጣው ጣት ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። ከዚያ እጁ ቀስ ብሎ ይነሳል፤ ጄን ትቶ ወደ ግራ ይሄድና ከታች ጥግ ላይ ያለችውን ፊደል ይጫናል። ዜድ።

«እሺ አለዎት?» ይላል መርዳሳ ሳይዞር።

«የለም... ጣቴ ሳተ።»

«ዲ ያስቀድሙ ጓድ! ባቡር ጣቢያው ላይ ጂቡቲን እንደጻፉት አድርጌ ነው የመዘገብኩዎት።»

ጓድ ጃራ አይንቀሳቀስም። ቀና ሲል ዓይናችን ይጋጠማል፤ እኔ ማየቴን ያያል። የማጥፊያው ቁልፍ የት እንዳለ አያውቅም፤ ዜዷ ስክሪኑ ላይ ብቻዋን ቆማለች፤ መርዳሳ እጁን በጋዜጣው እየጠረገ ሊዞር ነው።

በጓድ ጃራ ትከሻ ላይ እጄን አሳልፌ ዜዷን አጠፋለታለሁ።