የማይንሳፈፍ እንጨት

ሽማግሌው አናጢ ለግቢው ከሠራው አግዳሚ ወንበር የተረፈችውን ቁራጭ እንጨት ውኃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ጣላት። ቁራጯ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ቀስ ብላ ሰመጠች፤ ውኃው ከእንጨቷ በወጣ ቀለም ቀላ። ነገ ቀዶ ጥገና የሚጠብቃት ሚስቱ ከደጃፉ ሆና አየቻት።

«አንተ ሰው፣ እንጨት ሲሰምጥ ገና ዛሬ አየሁ! ይቆያል?»

«ዝናብም ምስጥም አይደፍረው። ከእኛ በላይ ይቆያል።»

ወደ አግዳሚው ወንበር መጥታ መቀመጫውን በስንዝር ለካችው፤ ሁለት ተኩል ብቻ ነበር።

«ለአንድ ሰው ነው እንዴ የሠራኸው?»

አናጢው አንገቱን ደፋ። ሲቆርጠው ልብ አላለውም፤ የለካው ብቻዬን እቀራለሁ የሚለው ፍርሃቱ ነበር። እሷ ግን ተቀምጣ አጠገቧ ያለውን ቦታ መታ መታ አደረገች።

«ና፣ ጠጋ በል። ድሮም ቦታ የምትፈጀው አንተ ነህ!»

ትከሻ ለትከሻ ተጣበው ተቀመጡ። እንጨቱ ሲጢጥ እንኳ አላለም።