የአንድ ክንድ ጠብ

አቶ ደረሳና ጎረቤታቸው አቶ ገብረክርስቶስ የሚካሰሱት በአንድ ክንድ መሬት ነው። በሁለቱ ግቢ መካከል ያለው አጥር ተገፍቷል ይባላል፤ ማን ወደ ማን እንደገፋው ግን እስከ ዛሬ የለየለት የለም። ነቀምቴ ውስጥ በድንበር ተካስሶ ዕድሜውን የሚጨርስ ሰው ብርቅ አይደለም። እነዚህ ሁለቱ ግን አበዙት።

ማለዳ ማለዳ አጥሩ ሥር ቆመው ይሰዳደባሉ። አንዱ «ሌባ» ሲል ሌላው «ቀማኛ» ይላል። መንገዱ ላይ ሰው ሲበዛ ይብስባቸዋል፤ የመንግሥት መኪና ካለፈማ ዱላ ይነሳል። ከላይ በኩል የነበሩት ጎረቤቶች ለመንገድ ሥራ ከቦታቸው ተነስተው ወደ ከተማው ዳር ስለሄዱ፣ ጠዋት ተነስቶ መሀል የሚገባ እንኳ የለም።

ፍርድ ቤቱም ሰልችቶታል። ክርክሩ እስኪያልቅ ማንም ቦታውን እንዳይነካ እግድ ጥሎ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ቀጠሮ ይሰጣል። በእግዱ የተነሳ አጥሩ እንኳ ሳይጠገን በስብሶ ተንጋዷል። አንድ ጊዜ ለአቶ ገብረክርስቶስ ተፈርዶላቸው ነበር። አነሰኝ ብለው ይግባኝ ያሉት ራሳቸው ናቸው። ስግብግብነት እንዲህ ነው።

ሜቲ የአቶ ደረሳ ልጅ ናት። ስለ ግጭት አፈታት ተምራ፣ በቅርቡ ከተማው ውስጥ የማስታረቅ ሥራ ይዛ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ውሸት አይሆንላትም፤ ያየችውን ያየችበት ቦታ ላይ ትናገራለች። አባቷ በዚህ ይኮሩባታል። እሷ ግን በአባቷ አፍራለች። ቀን የሰው ጠብ ስታበርድ ውላ፣ ጠዋት የምትነቃው በገዛ አባቷ ስድብ ነው።

ከእፍረቱ ይልቅ ፍርሃቱ ይበልጥባት ነበር። የአቶ ገብረክርስቶስ ቤተሰብ ድሮ ከጎጃም የመጣ ነው። የሰፈሩ ጎረምሶችም ወገን ለይተዋል፤ ገሚሱ ለደረሳ፣ ገሚሱ ለገብረክርስቶስ ይዝታል። ሁለት ሽማግሌዎች በስድብ የጀመሩትን ወጣቶቹ በድንጋይ ሊጨርሱት ነው። አንድ ሰው ከሞተ በኋላ ምንም ሥልጠና አይመልሰውም። ይህን ስታስብ ደሟ ይፈላል።

የተማረችውን ሁሉ ሞከረችው። ለየብቻ ልስማችሁ አለች። አባቷ ሲቆጡም ሲያባብሉም የሚጠሯት «ኢንታለ ኮ» ብለው ነው፣ ልጄ ለማለት።

«ኢንታለ ኮ፣ የአገሩን ጠብ ሁሉ አስታርቂ፣ ይህን ተይው» አሏት።

ምን ቢደረግልህ ክሱን ትተዋለህ ብትላቸው፣ ምንም አሉ። አቶ ገብረክርስቶስ ደግሞ ጭራሽ በር ላይ አቁመው፣ ጎዳናው እስኪሰማ ድረስ የሌባ ልጅ ብለው ሰደቧት። ሜቲ ፊቷን አዙራ ተመለሰች። ለእነዚህ ሰዎች ሥልጠና ሲያንሳቸው ነው አለች በልቧ፤ የሚገባቸው ጃርሱማ ነው።

ጃርሱማ የአገሩ የሽማግሌ እርቅ ነው። እርጥብ ሣር ይዞ የመጣ ሽማግሌ እምቢ አይባልም፤ እምቢ ያለ እርግማኑን ይዞ እስከ ልጅ ልጅ ድረስ ይኖራል። ሜቲ ሽማግሌዎቹን ሰበሰበች። የአባቷን ቄስ ከአቶ ገብረክርስቶስ የነፍስ አባት ጋር አመጣች። እርቁ እንዳይፈርስ ብላም በመንግሥት የመሬት ጽሕፈት ቤት የሚሠሩትን አቶ ጨመዳን በምስክርነት ጠራች። ለባለጉዳዮቹ አልነገረቻቸውም። ቢያውቁ ኖሮ ከቤት ይጠፉ ነበር።

ሁሉም አጥሩ አጠገብ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። አቶ ሞረዳ የሚባሉት ትልቁ ሽማግሌ ሣሩን ዘርግተው ለመኑ። ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ የሜቲ ትዕግሥት አለቀ።

«አባ፣ አላፈርክም?» አለች። «ጋሽ ገብረክርስቶስ፣ እርስዎስ? የማን ልጅ ሬሳ እስኪመጣላችሁ ነው የምትጠብቁት? ያቺን አንድ ክንድ መቃብራችሁ ልታደርጓት ነው? አንድ ምክንያት ስጡኝ። አንድ ብቻ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት።»

አቶ ደረሳ አፋቸውን ከፈቱ። አቶ ጨመዳን አዩና መልሰው ዘጉት። አቶ ገብረክርስቶስም ወደ አቶ ጨመዳ አይተው ፊታቸው አመድ መሰለ። ጥፋተኛ ሰው በመንግሥት ፊት እንዲህ ነው የሚሆነው አለች ሜቲ በልቧ፤ አላዘነችላቸውም።

አቶ ሞረዳ ሣሩን እንደገና ዘረጉ። አቶ ደረሳ ተቀበሉ። አቶ ገብረክርስቶስ የሽማግሌውን ጉልበት ሳሙ። ክሳቸውን መተዋቸውን እዚያው ፈረሙ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ጎረምሶቹ እየተሳሳቁ ተበተኑ። ሜቲ ከተማረችው ሁሉ እንዲህ በዓይኗ ያየችው የለም፤ የደስታ ዕንባ አነባች።

ከሁሉ በላይ የተደሰቱት አቶ ጨመዳ ነበሩ። እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው አልለቅ አሉ።

«እግዱ አሁን ይነሳል» አሏት። «አስፋልቱ እዚህ አጥር ደርሶ ቆሞብን ነበር። ከእንግዲህ ዶዘሩ በሁለቱ ግቢ ላይ አልፎ ወደ ጉቴ ይወጣል። አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር?»

ሜቲ እጇን አስለቅቃ ለአባቷ ልትነግራቸው ወደ ቤት ሮጠች።

አባቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። አቶ ገብረክርስቶስ በጓሮ በር ገብተው አጠገባቸው ተቀምጠዋል፤ አንድ እጃቸውን በአባቷ ትከሻ ላይ ጣል አድርገዋል።

«በቃ ደረሳ፣ አታልቅስ» አሉ አቶ ገብረክርስቶስ። «ዶዘሩ ሳይደርስ ሌላ የምንጣላበት ነገር እንፈልግ።»