የመሪየም አቋራጭ

እማማ መሪየም በድሮው ኬላ ሁለት የብረት ምሰሶዎች መሀል ሲደርሱ ቀጥ ብለው ይቆሙና የያዙትን ቋጠሮ መሬት ላይ አስቀምጠው ይፈቱታል። ቅቤ በቅል፣ ለገንፎ የሚሆን የገብስ ዱቄት፣ አዲስ የሕፃን መጠቅለያ። ከዚያ ዞር ብለው ይጠብቃሉ።

ጌታነህ ክው ይላል። በር የለም እኮ! ከጎባ በላይ ያለው የተኩስ መለማመጃ ለሕዝቡና ለዱር አራዊቱ ተመልሶ ሽቦው ከተነሳ ሦስት ክረምት አልፏል፤ ምሽጉም ላይ የአስታ ቁጥቋጦ በቅሎበታል። እሱ ራሱ ዛሬ አስር አለቃ አይደለም። መሣሪያውን አስረክቦ የቀይ ቀበሮ ጠባቂ ሆኗል። እሳቸው ግን ይኸው፣ ያኔ ይፈትሻቸው ለነበረው ሰው ዕቃቸውን ዘርግተዋል።

«አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ እናቴ። ፍተሻ እኮ ቀርቷል።»

«ቀረ?» ይላሉ እንዳላመኑ። «ልጄን ዙሀይራን ምጥ ይዟታል፤ አሁን ነው የተደወለልኝ። በዚህ ካለፍኩ ግማሽ ሰዓት ነው። ወይስ እንደዚያን ጊዜ ልዙር?»

ጌታነህ ያቺን ቀን መቼ ረስቷት። ቀይ ባንዲራ ተሰቅሎ፣ ተኩሱ እየተንጣጣ፣ እኚህ ሴት «ልጄ የመጀመሪያዋን ልትወልድብኝ ነው» ብለው ሲለምኑት «ክልክል ነው» ብሎ መለሳቸው። አምስት ሰዓት ዞረው ሲደርሱ ልጅቱ ያለ እናቷ ወልዳ፣ ከፍቷት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ አገኟት አሉ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ባያቸው ቁጥር አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያልፈው።

ተንበርክኮ ቋጠሮውን መልሶ ያስራል። «እናቴ፣ ያን ቀን...»

«ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም፣ ልጄ። ይልቅ ቅደም፤ የቀረ ፈንጂ ቢኖርስ?»

«ተለቅሞ አልቋል እኮ።»

«ቢያልቅም ቅደም።»

ቋጠሮውን ተሸክሞ ይቀድማል። እሳቸው ቢስሚላህ እያሉ ዱካውን እየረገጡ ይከተላሉ። አስታው መሀል አንዲት ቀይ ቀበሮ ፍልፈል በአፏ ይዛ መንገዱን ትሻገራለች፤ ዞር ብላ እንኳ አላየቻቸውም።

«አየሃት? እሷ ማንንም አታስፈቅድም» ይላሉ እየሳቁ። ጌታነህ እኚህን ሴት ሲስቁ ሰምቶ አያውቅም ነበር።

ጉብታው ላይ ሲወጡ የዙሀይራ ቤት ከታች ይታያል። ደጁ ላይ ሴቶች ይወጣሉ፣ ይገባሉ። እማማ መሪየም ቆም ብለው ያዳምጣሉ። እልልታ የለም።

«ገና ናት! ያ ረቢ፣ ገና ናት!» ብለው ሻርፓቸውን ይሰበስቡና፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ቁልቁል ይሮጣሉ።

ጌታነህ ቋጠሮውን እንዳቀፈ ይቀራል። እደጁ ድረስ ለመከተል ፊት አጣ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ጆሮውን ወደ ታች ጥሎ ይጠብቃል። ጉሙ ተገፎ ፀሐይ አናቱ ላይ ትደርሳለች፤ እሱ ንቅንቅ አላለም።

በመጨረሻ እልልታው ይነሳል። ከሴቶቹ ሁሉ ቀድሞ የሚሰማው የአንዲት አሮጊት የተሰነጠቀ ድምፅ ነው።

ጌታነህ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል። ቅቤው ይፈለጋል፤ ቋጠሮውን አንስቶ መውረድ ይጀምራል።